እንጀራ በዋጋ፦ እቴጌ ጣይቱ እና የአራዳው ሆቴል

ደብረ ማርቆስ፦ የደጋው የጎጃም ገበሬ መንገደኛ ሲመሽበት ከደጁ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ቢለው ያሳድረዋል፤ ያበላዋል፤ እግሩንም ያጥበዋል። ዋጋ አይጠይቀውም። በቀደመው ዘመን ጠላና ጠጅ በየገበያው ዳር ይሸጥ ነበር፤ እህልም በቁና እየተሰፈረ ይሸጥ ነበር። የበሰለ እህል ግን፣ እንጀራው ተጋግሮ ወጡ ተሠርቶ፣ ለተከበረ ሰው በገንዘብ ማቅረብ ነውር ነበር። ከፍሎ የሚበላው ዘመድ እንደሌለው፣ አስከፍሎ የሚያበላውም እጁ እንደታጠፈ ሰው ይታይ ነበር። ይህን ነውር ፊት ለፊት ገጥሞ ያስቀረው ነጋዴ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ ሀብት አልነበረም። የአገሪቱ እቴጌ ነበሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፒያሳ ከሚባለው ሰፈር፣ ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ባለ ሰፊ በረንዳና ባለ እንጨት ደረጃ የሆነ አሮጌ ሕንፃ ቆሟል። ዛሬ ጣይቱ ሆቴል ይባላል። በፊት እቴጌ ሆቴል ይባል ነበር። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሆቴል ተብሎ የተከፈተ የመጀመሪያው ቤት ይህ ነው። ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የዓድዋው ጦር ሜዳና የውጫሌው ውል ነው፤ ይገባልም። ነገር ግን የሴትዮዋን ጠባይ፣ ብልኃትና ድፍረት ከዚህ ቤት የበለጠ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይቸግራል። እስከ ዛሬም በእንጨቱና በድንጋዩ እየተናገረ ያለው እርሱ ነው።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜን መሳፍንት ዘር ነበሩ፤ ስሜንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ኃያሉ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር የጎንደር ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ዘር በሰላም ዘመን ቢሆን ኖሮ ለምቾት ይበቃ ነበር። ዘመኑ ግን የዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የስሜን ቤት ወደቀ። ሕፃኗ ጣይቱም አባታቸውን ገና በልጅነታቸው አጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው የልጅነት ታሪካቸው ወደ እኛ አገር ይመጣል። እናታቸው ሁለተኛ ባል አግብተው ወደ ጎጃም ተሻገሩ፤ ጣይቱም ከአዴት ወዲያ ካለው ከደብረ መዊ ደብር አካባቢ እንዳደጉና እንደተማሩ ይነገራል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ ነበር። እርሳቸው ግን ማንበብና መጻፍ ብቻ ሳይሆን ግእዝም ተምረዋል፤ በገና ይደረድሩ፣ ግጥም ይገጥሙ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ጎጃም በቅኔና በዜማ ትምህርት የታወቀ አገር ነውና ትምህርቱን ከዚህ ምድር መቅዳታቸው አያስገርምም። በኋላ በቤተ መንግሥት ውስጥ ከመኳንንትና ከውጭ መልእክተኞች ጋር ሲከራከሩ የታየው የቃል ስለታቸው ከደብር አጸድ የተገኘ ይመስለኛል።

ወጣትነታቸው ግን የተመቸ አልነበረም። ከዐፄ ቴዎድሮስ መኮንኖች አንዱን አግብተው የጦር ሰፈርን ኑሮ ቀመሱ፤ ከዚያም በኋላ ያደረጓቸው ትዳሮች አልጸኑም። ወንድማቸው ወሌ ብጡል በመቅደላ እስር ቤት ከወጣቱ ምኒልክ ጋር እንደተዋወቁና ወዳጅነታቸው ከዚያ እንደጀመረ ይነገራል። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንጉሥ ምኒልክንና ወይዘሮ ጣይቱን በቁርባን ያጋባቸው መንገድ ረጅምና ጠመዝማዛ ነበር። ሙሽራይቱ ያኔ ከሠላሳ ዓመት አልፈዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ጦር ተሸንፈው ተማርከው ነበር፤ ስለዚህ ጎጃም ይህን ሠርግ የሰማው በልቡ ቁስል ይዞ ነው።

ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ይህ ለአንዲት ንግሥት ከባድ ጉድለት ነበር። ባለቤታቸው ግን በምክር ይሰሟቸው ነበር፤ አደባባዩም ይህን ያውቅ ነበር። ነገር ያለው ሰው ወደ ንጉሡ ከመግባቱ በፊት የእቴጌይቱን ፊት ማየት ይሻ ነበር።

እንጦጦ ተራራ ላይ የነበረው ከተማ ብርድና ነፋስ የበዛበት፣ ማገዶም የራቀው ነበር። ጣይቱ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍል ውኃ እየወረዱ መታጠብ ይወዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር ሲዘምቱ እርሳቸው በፍል ውኃው አጠገብ ቤት ማሠራት ጀመሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ በየጉብታው ላይ ሰፈሩ። እንግዲህ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ከአንዲት ሴት የመታጠቢያ ቤት ተነሣች ማለት ይቻላል።

በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ጣይቱ ያደረጉት ግብር ለብዙ ዘመን ሲወራ ኖሯል። ለቀናት የዘለቀ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶችና በጎች ታርደዋል፤ ጠጁ በጋን በጋን ተቀድቷል። ከየአገሩ የተውጣጣ ባለሙያ ሴት የየአገሩን ወጥ ሠርታለች፤ የጎንደር፣ የሸዋና የሌላው አገር የምግብ ሙያ በአንድ ድንኳን ሥር ተገናኝቷል። ምግብ ለጣይቱ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ነበር፤ ያጣላውን ያስታርቃል፣ የራቀውን ያቀርባል፣ የተጠራጠረውን ያሳምናል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሆቴል ለመክፈት ሲነሡ ይህንኑ ሙያ ይዘው ነው የተነሡት።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲቀቡ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለውንም ስም ያዙ። የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በጣሊያንኛው ኢትዮጵያን የጣሊያን ጥገኛ አድርጎ መገኘቱ ሲታወቅ ውሉ ይፍረስ ብለው አጥብቀው ከተከራከሩት አንዷ እርሳቸው ነበሩ። ጦርነቱም አልቀረም። በ1888 ዓ.ም. ጥር ወር መቀሌ ላይ ጣሊያኖች በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ሲመሽጉ፣ ምሽጉን በመድፍ ከመደብደብ ይልቅ የሚጠጡትን ምንጭ መያዝ ይሻላል ያሉት ጣይቱ ናቸው። ውኃ የተያዘበት ምሽግ በቀናት ውስጥ እጅ ሰጠ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ደግሞ ከጦሩ ጋር ሆነው በጥይት መካከል ሲያበረታቱ፣ ሴቶቹን አሰልፈው ለቁስለኛውና ለተዋጊው ውኃ ሲያስቀዱ ዋሉ። ከእምባቦ ቁስሉ ያገገመው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የጎጃምን ጦር ይዘው በዚያው ሜዳ ተሰልፈው ነበር። የዚያን ቀን ታሪክ አንባቢ ከእኛ ይልቅ አብጠርጥሮ ያውቀዋልና አናስረዝመው።

ከድሉ በኋላ ግን አዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ወረራ ገጠማት። የእንግዳ ወረራ ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ሩሲያ መልእክተኞቻቸውን አስቀመጡ። በ1896 ዓ.ም. አሜሪካኖች መጥተው የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ ከዚያም ጀርመኖች መጡ። ከእነርሱ ጋር የአርመንና የግሪክ ነጋዴ፣ የሕንድ ግንበኛና አናጢ፣ አዳኝ፣ ሐኪም፣ አገር አሳሽ፣ ጠመንጃ ሻጭ ተግተለተለ። የባቡሩ ሐዲድ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር የቆመው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የበቅሎና የግመል ነው። እንግዳው ከተማይቱ ሲደርስ የት ይደር?

በአሮጌው ሥርዓት መልሱ ድርጎ ነበር። የንጉሥ እንግዳ ድንኳኑን ይተክላል፤ ከቤተ መንግሥት በየቀኑ እንጀራ፣ በግ፣ ጠጅ፣ ለበቅሎው ገብስ ይላክለታል። በመንገድ ላይም የንጉሡን ደብዳቤ የያዘ መንገደኛ ባለፈበት አገር ሁሉ ገበሬው ድርጎ ያቀርባል። ይህ ነገር ከላይ ሲታይ ቸርነት ነው፤ ከታች ሲታይ ግን ዕዳ ነው። የፈረንጁን ሠላሳ አሽከርና አርባ በቅሎ የሚቀልበው ንጉሡ አልነበረም፤ ጎታው ሊያልቅ የደረሰበት ባላገር ነበር። ቀደም ሲል ምኒልክ ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ እንዳያስቸግር በማለት የአሥራት ግብር ሥርዓት አቁመው ነበር። የእንግዳው ድርጎ ግን እንዳለ ነበር። እንግዳ ለሚበላውና ለሚተኛበት ራሱ ይክፈል የሚለው ሐሳብ የሥልጣኔ ጌጥ ብቻ አልነበረም ለማለት የሚያስደፍረው ይህ ነው፤ ለባላገሩም ትርጉም ነበረው።

ጎጃም ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቀው ነበር። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በየጁቤ ይውል የነበረው የባሶ ገበያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአባይ ወዲያና ወዲህ ያለውን ንግድ የሚያገናኝ ታላቅ ገበያ ነበር። ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ በዚያ ያልፍ ነበር፤ ባሪያም ይሸጥበት ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ያ ሁሉ ነጋዴ ሲመጣ ግን የሚያድረው በድንኳኑ ወይም በዘመድና በወዳጅ ቤት ነበር። ስንቁንም ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣል። ገበያው ትልቅ ሆኖ ሳለ እንግዳ ማረፊያ የሚሆን ቤት አልተሠራበትም፤ ምክንያቱም አልጋና እንጀራ የሚሸጥ ዕቃ ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ጣይቱ አሰቡት። ሆቴሉ የተመሠረተበት ዘመን ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 1898 ዓ.ም. ነው፤ በሩን ከፍቶ እንግዳ መቀበል የጀመረው ደግሞ በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል፤ 1898 የሚለው ቁጥር የኢትዮጵያ ነው። ብዙ የውጭ ጎብኚዎች በአውሮፓ አቆጣጠር እየወሰዱት ቤቱን በሰባትና በስምንት ዓመት ያስረጁታል።

የተመረጠው ቦታም የነጋዴ ዓይን የመረጠው ነበር። አራዳ ያኔ የከተማይቱ ታላቅ ገበያ ነበረች። የጎጃም ማርና ቅቤ፣ የጎጃም በቅሎ፣ የሸዋ እህል፣ የደቡብ ቡና፣ ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲ ሁሉ የሚገናኘው በዚያ ነው። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክም አለ። ሆቴሉ ከገበያው አጠገብ ሲቆም በዙሪያው ያለው ቤት አብዛኛው የጭቃና የሣር ነበር። ከዚያ ሁሉ ጎጆ መካከል በድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ ፎቅ ያለው፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ብቅ ሲል ገበያተኛው ቆሞ ሳያየው አላለፈም ይሆናል።

ዓመቱም የለውጥ ዓመት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ጥቅምት ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። የምኒልክ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ይህ ሁሉ የንጉሡ ሥራ ተብሎ ይጻፋል። ሆቴሉ ግን የእቴጌይቱ ነበር፤ ሐሳቡም፣ ወጪውም፣ ወጥ ቤቱም።

ወጥ ቤቱን ራሳቸው ይቆጣጠሩ ነበር። የእንጦጦ ማርያምን ግብር ያሰናዳ እጅ አሁን የእንግዳ ማዕድ ያሰናዳል ማለት ነው። የአገሩም የፈረንጁም ምግብ ይሠራ ነበር። ፈረንጁ አልቸገረም፤ እርሱ በአገሩ የለመደው ነውና ይበላል፣ ይከፍላል፣ ይተኛል። የቸገረው የአገሩ ሰው ነው።

ለምን እንደቸገረ ለማወቅ የዚያን ዘመን የማዕድ ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። የተከበረ ሰው ሲበላ መጋረጃ ይጣላል፤ የማያውቀው ዓይን እንዲያርፍበት አይፈልግም። ምግብ የሚበላው ከቤቱ፣ ከዘመዱ ወይም ከጌታው ግብር ነው። በጌታ ግብር ላይ መቀመጥ ደግሞ ማዕረግ ነው፤ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ለማን የትኛው ብልት እንደሚደርስ የታወቀ ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው በአደባባይ ቤት ገብቶ፣ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ማዕረጉን ሳይሆን ብሩን ቆጥሮ ብላ ሲባል እንዴት እሺ ይላል? ብር ላለው ሁሉ እኩል የሚቀርብ ማዕድ ለመኳንንቱ ከነውርም በላይ ሥጋት ነበር። ገንዘብ የያዘ የአራዳ ቸርቻሪና የደጃዝማች ልጅ አንድ ዓይነት ሳህን ይቀርብላቸዋል።

ስለዚህ ሆቴሉ ሲከፈት የአገሩ ሰው በሩቁ አለፈው። ከዚህ በኋላ የሆነውን አዛውንቶች እየሣቁ ሲያወሩት የኖሩት ነው። ምኒልክ የባለቤታቸው ቤት ባዶውን መዋሉን ሲሰሙ ሚኒስትሮቻቸውንና መኳንንቱን ሰብስበው ወደ ሆቴሉ ይዘው ሄዱ ይባላል። ሁሉም ንጉሥ ጋብዞት እንዴት አልበላም ይላል፤ በሉ፤ ጠጡ። ሒሳቡን ንጉሡ ከፈሉ። ሲነሡም የዛሬው በእርሳቸው እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ግን እያንዳንዱ ወዳጁን እየጋበዘ በገንዘቡ እንዲበላ አሳሰቧቸው። አንድ ሁለት ሰው ከፍርሃት፣ ሌላው ከይሉኝታ፣ ቀጣዩ ደግሞ ከቅናት የተነሣ መምጣት ጀመረ። ቆይቶም የጣይቱ ሆቴል ጋበዝኩት ማለት የኩራት ወሬ ሆነ።

ወሬው በየአፉ ሲዞር ትንሽ ቅመም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ፍሬ ነገሩ ግን እውነተኛ ነው፤ ነውሩን ለማስቀረት አዋጅ አላወጡም፤ ቅጣትም አልጣሉም። ራሳቸው ቀድመው አደረጉት። ጣይቱ ወጥ ሠሩ፣ ምኒልክ ከፈሉ። ባልና ሚስት ሥራውን ተካፍለው የሠሩት እንዲህ ነበር።

እቴጌይቱ በዚህ አላበቁም። የአቢሲኒያ ባንክ በእንግሊዞች እጅ መሆኑ አልተዋጠላቸውም ነበር፤ ስለዚህ ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር፣ የአገሩ ሰው ገንዘቡን የሚያዋጣበት ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። ሐሳቡ ከዘመኑ ቀድሞ ነበር፤ ብዙም አልቆየም። ያልቆየበት ምክንያት ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። የእርሳቸውም ሥልጣን እያለቀ ነበር።

ምኒልክ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመም እየደጋገመባቸው ነበር። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ክፉኛ ታመው አንደበታቸው ተያዘ። ከታማሚው አልጋ አጠገብ ያሉት እቴጌይቱ ትእዛዝ የሚያወጡት እርሳቸው ሆኑ። ይሾማሉ፣ ይሽራሉ፣ ያጋባሉ፣ ያፋታሉ። ወደ ስሜንና ወደ የጁ ዘመዶቻቸው እንዳደሉ የሸዋ መኳንንት አጉረመረሙ። ይህን ክስ ሐሰት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ጣይቱ ዘመዶቻቸውን አስጠግተዋል። ነገር ግን በዚያ አደባባይ ዘመዱን ያላስጠጋ መኳንንት ማን ነበር? ለእርሳቸው ነውር የሆነው ለሌሎቹ የተለመደ ሥራ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. መጋቢት ወር ራስ ተሰማ ናደውና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የመሳሰሉት የሸዋ ታላላቆች ተስማምተው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ተለይተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጉ። ጦርነት አልሆነም። ጣይቱም ጦር አላስነሡም። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ያህል የማይናገር ንጉሥ አጠገብ ተቀምጠው ውኃ ሲያጠጡ፣ ሲያገላብጡ ኖሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲያርፉ ሞቱ ለሕዝብ እንዳይነገር ተደረገ፤ ሚስቲቱ በአደባባይ ለማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ወዲያውም ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ፣ ወደዚያው ወደ አሮጌው ብርዳማ ተራራ፣ ወደ ማርያም ደጅ ተላኩ።

ከዚያ ተራራ ላይ ከተማይቱ ወለል ብላ ትታያለች። ስሟን ያወጡላት፣ ፍል ውኃዋን የመረጡት፣ ሆቴሏን የከፈቱት እርሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን በሩቅ ያዩዋታል። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወርደው የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ሲነግሡም ወደ ቀድሞው ቦታቸው አልተመለሱም። በ1910 ዓ.ም. ወደ ጎንደር፣ ወደ ተወለዱበት አገር ሄደው በዚያ እንዲኖሩ ፈቃድ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ አረፉ። ቀኑ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት አንደኛ ዓመት ነበር። ዛሬ ዐፅማቸው በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ከባለቤታቸው ጎን አርፏል።

ሆቴሉ ግን ኖረ። ባለቤቱ ከሥልጣን ሲወርዱ አልተዘጋም፤ ሲሞቱም አልፈረሰም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ እንግዳው በዛ። በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ለሁለተኛ ጊዜ ልትመጣ ስትዘጋጅ ከዓለም ዙሪያ የጎረፉት የጋዜጣ ወኪሎች ብዙዎቹ ያረፉት በዚያ ነበር፤ ፈረንጆቹ በራሳቸው ቋንቋ የንጉሠ ነገሥቱ ሆቴል እያሉ ይጠሩት ነበር። የዓድዋዋ እቴጌ ባሠሩት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁለተኛው የጣሊያን ወረራ መቼ እንደሚጀምር ይገምቱ ነበር። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ የዚያ ወረራ ትርፍ ነው፤ ሕዝቡ ግን አራዳ ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም።

ከአብዮቱ በኋላ ሆቴሉ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ቆይቶም ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ። በእነዚያ ዓመታት የክፍሉ ዋጋ ረከስ ያለ፣ ወለሉ ሲረገጥ የሚንቋቋ፣ ከየአገሩ የሚመጣ ጎብኚና ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ቤት ሆኖ ቆየ። ከደብረ ማርቆስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አመሻሽ ላይ ለሚደርስ ሰው አራዳ ውስጥ የሚታወቅ ስም ነበር። በተለይ የሚታወቀው በጾም ምሳው ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ሱፍ ፍትፍቱ በረድፍ ተደርድሮ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ያነሣል። ሥጋ የማይበላ የውጭ አገር ሰውም ይህን ምሳ ፍለጋ ይመጣል።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ሆቴሉ በእሳት ተያዘ። ጃዝአምባ ይባል የነበረው የሙዚቃ አዳራሽ ከነመሣሪያው ወደመ፤ የሕንፃው ከፊልም ተቃጠለ። ከመቶ ዓመት በላይ የደረቀ እንጨት ሲነድ ፈጥኖ ማጥፋት ቀላል አልነበረም። የፒያሳ ሰው ግን ቆሞ እያለቀሰ ያየው ነበር። ነገሩ የአንድ ድርጅት ንብረት መቃጠል አልነበረም፤ አብዛኛው ሰው ከዚያ ቤት ውስጥ የሚያስታውሰው ነገር ነበረው።

ቤቱ ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በዙሪያው ያለው የአራዳ አሮጌ ሰፈር በብዛት ፈርሷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ አዳዲስ ሕንፃ ተነሥቷል። የእንጨት ቤት ጠባዩ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ምሰሶው ይበሰብሳል፣ ምሰሶው ከበሰበሰ ደረጃው ይወርዳል። እኛም በደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት የምናይ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ ድንጋዩ ቢጸናም እንጨቱና ክዳኑ በየክረምቱ ሰው ይሻል። የጣይቱ ሆቴል ከሌሎቹ ቅርሶች የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ተዘግቶ የሚታይ ቤት አይደለም። እቴጌይቱ እንዳሰቡት አሁንም ያሳድራል፣ ያበላል፣ ያስከፍላል፤ ለመጠገኛው የሚሆነውም ገንዘብ የሚገኘው ከዚያው ከማዕዱና ከአልጋው ነው።